ምዕራፍ አምስት፤ የፀረ ቫይረስ ባለሙያዎች ከልምድ ስለ ተማሩት ነገር

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው የአባቶች ቃል እውነት ቢሆንም፣ አለመርሳት ብቻውን ዕውቀት አይሆንም፤ ከደረሰበት ጉዳት ውስጥ የትኛው ነገር ተመርጦ በልቡና ሊቀረጽ፣ የትኛውም እንደ ኃላፊ ነገር ሊተው እንደሚገባ ያልለየ ሰው፣ ቁስሉን እያሰበ ዘመኑን ይፈጽማል እንጂ ለሁለተኛው ውጊያ አይዘጋጅም። ኮምፒዩተርን ከቫይረስና ከልዩ ልዩ አጥፊ ፕሮግራሞች ለመጠበቅ የተሰለፉት የፀረ ቫይረስ ባለሙያዎች፣ አርባ ዓመት በሚያህለው ታሪካቸው ደጋግመው የወደቁበትና ደጋግመውም የተነሡበት ፈተና ይኸው ነው። ከእያንዳንዱ ጥፋት በኋላ «ከዚህ ምን እናስታውስ?» ብለው ጠይቀዋል፤ የሰጡትም መልስ ለጊዜው ካዳናቸው በኋላ፣ ውሎ አድሮ ጠላት የሚገባበት ቀዳዳ ሆኖባቸዋል። የዚህ ምዕራፍ ሐተታ የሚከተለው የእነዚህን መልሶች ተራ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም፣ ወሩና ቀኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

የሙያው ጠባይ ከመነሻው እንዲታወቅ ያደረገው አንድ ተማሪ ነበር። በ1983 ዓ.ም. በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ፍሬድ ኮኸን፣ በሌሎች ፕሮግራሞች ላይ ራሱን እየቀዳ የሚሠራጭ ፕሮግራም ጽፎ ለመምህሩ ለሌናርድ ኤድልማን ጉባኤ ባቀረበ ጊዜ፣ በተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ፕሮግራሙ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የኮምፒዩተሩን ሙሉ ሥልጣን ጨበጠ፤ «ቫይረስ» የሚለውን ስም ያወጣለትም መምህሩ ኤድልማን ነው። ኮኸን በዚህ ሳያበቃ፣ ቫይረስን ሁሉ ያለ ስሕተት የሚለይ ፕሮግራም ከቶ ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ አስረዳ። የማስረጃውም አካሄድ አጭር ነው፤ እንዲህ ያለ ፍጹም ዳኛ አለ እንበልና፣ ስለ ራሱ ዳኛውን የሚጠይቅ ሌላ ፕሮግራም ይጻፍ፤ ዳኛው «ቫይረስ ነህ» ቢለው አርፎ ይቀመጣል፣ «አይደለህም» ቢለው ይሠራጫል፤ እንግዲህ ዳኛው ወደ የትኛውም ወገን ቢፈርድ ፍርዱ ሐሰት ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የፀረ ቫይረስ ሙያ እንደ ጂኦሜትሪ ከማይናወጥ መነሻ ተነሥቶ ወደ ፍጻሜ የሚደርስ ትምህርት ሊሆን አልቻለም፤ ከተሞክሮ እየለቀመ፣ የለቀመውንም እያረመ የሚኖር ሙያ ሆነ።

የመጀመሪያው መልስ «አካሉን እናስታውስ» የሚል ነበር። በ1986 ዓ.ም. በፓኪስታን በላሆር ከተማ ባሲትና አምጃድ የተባሉ ወንድማማቾች የጻፉት «ብሬይን» የተባለው ቫይረስ፣ በፍሎፒ ዲስክ መነሻ ክፍል ላይ ተቀምጦ ከአገር ወደ አገር ሲዞር የጸሐፊዎቹን ስም፣ አድራሻና የስልክ ቍጥር ሳይቀር በውስጡ ይዞ ነበር። እንዲህ ያለ ግልጽ ምልክት የያዘን ጠላት ማወቅ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ማንም ሰው ያን የዲስክ ክፍል ሊመለከት ሲሞክር ብሬይን አስቀድሞ በሌላ ስፍራ ያኖረውን ንጹሕ ቅጅ እያቀረበ ራሱን ይሰውር ስለ ነበር፣ ባለሙያዎቹ ገና በመጀመሪያ ትምህርታቸው፣ በቫይረስ የተያዘን ኮምፒዩተር በራሱ ላይ ምስክር አድርጎ ማቆም እንደማያዋጣ ተረዱ። ኮምፒዩተሩን ከንጹሕ ዲስክ አስነሥቶ መመርመር የሙያው ሥርዓት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዕለት ሥራቸውም እንዲህ ነበር። ቫይረሱ ያለበት ዲስክ በፖስታ ይደርሳቸዋል፤ የቫይረሱን ትእዛዛት አንድ በአንድ ፈትተው ያነባሉ፤ ከመካከሉም በሌላ ፕሮግራም ውስጥ አይገኝም ብለው ያመኑበትን የጥቂት ባይት ተከታታይ መርጠው፣ «ፊርማ» ብለው በመዝገብ ያገባሉ፤ ከዚያም ያ ፊርማ በንጹሓን ፕሮግራሞች ውስጥ አለመኖሩን ይፈትናሉ። አዲሱም መዝገብ በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ በዲስክ ተቀድቶ ለደንበኞች ይላክ ነበር። ቫይረሶቹ በጣት የሚቈጠሩ፣ የሚጓዙትም በሰው እጅ ብቻ በነበሩበት ዘመን ይህ በቂ ነበር።

ጠላት ግን የሚታወሰው በአካሉ መሆኑን ባወቀ ጊዜ አካሉን መለዋወጥ ጀመረ። በ1987 ዓ.ም. የታየው «ካስኬድ» የስክሪኑን ፊደላት ወደ ታች እያረገፈ የሚቈልል ቫይረስ ሲሆን፣ የገዛ አካሉን በምሥጢር ጽሕፈት ሸፍኖ ይጓዝ ነበር፤ ነገር ግን ሽፋኑን የሚገልጠው ክፍል ራሱ ሳይሸፈን ይቀር ስለ ነበር ባለሙያዎቹ ፊርማቸውን ከዚያ ወሰዱ። ይኸው ካስኬድ በ1989 ዓ.ም. የአንድ ወጣት ሩሲያዊ መሐንዲስ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ ሰውየውን ለዘለቄታው ወደዚህ ሙያ ሳበው፤ ወጣቱም ዩጂን ካስፐርስኪ ነው። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ማርክ ዋሽበርን የተባለ አሜሪካዊ ያን የመግለጫ ክፍል ጭምር በተሠራጨ ቍጥር የሚለውጥ «1260» የተባለ ቫይረስ ጻፈ፤ ብዙም ሳይቈይ «ዳርክ አቬንጀር» በሚል የብዕር ስም የተሰወረ የቡልጋሪያ ሰው፣ ይህን የመለዋወጥ ጥበብ ማንኛውም ቫይረስ ጸሐፊ ከራሱ ሥራ ጋራ ሊያያይዘው በሚችል መልክ አዘጋጅቶ አሠራጨው። ሌባን በለበሰው ጋቢ ብቻ የሚለይ ዘበኛ፣ ሌባው ጋቢውን በለወጠ ማግስት ዕውር እንደሚሆን ሁሉ፣ የፊርማውም መዝገብ እንዲሁ ሆነ።

ከዚህ ውድቀት የተገኘው ሁለተኛው መልስ በዚህ ሙያ ታሪክ ከታዩት ብልሃቶች ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ባለሙያዎቹ ረጋ ብለው ሲያስቡ፣ ቫይረሱ ሽፋኑን ስንት ጊዜ ቢለዋውጥ፣ ሥራውን ሊሠራ በተነሣ ጊዜ ግን ራሱን መግለጥ ግድ እንደሚሆንበት አስተዋሉ፤ ስለዚህ በእውነተኛው ኮምፒዩተር ውስጥ ኢሙሌተር የሚባል ሌላ የይስሙላ ኮምፒዩተር በፕሮግራም ሠርተው፣ የተጠረጠረውን ፋይል ጉዳት ሊያደርስ በማይችልበት በዚያ ስፍራ እንዲነሣ ፈቀዱለት፤ ሽፋኑንም በገዛ እጁ እስኪያወልቅ ድረስ ጠብቀው፣ ከሥሩ የተገኘውን አካል ከመዝገባቸው ጋራ አስተያዩ። ቫይረስ ጸሐፊዎቹም በበኩላቸው ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ጠባቂው ለአንድ ፋይል ብዙ ጊዜ ሊሰጥ እንደማይችል ስለሚያውቁ፣ ፕሮግራማቸው በመጀመሪያ ምንም ፍሬ የሌለው ስሌት በሚሊዮን ጊዜ እየደጋገመ ጠባቂውን እንዲያሰለች አደረጉ። ጠባቂዎቹም ፍሬ ቢሱን ድግግሞሽ ለይቶ የሚዘል፣ እያንዳንዱንም ትእዛዝ በፍጥነት የሚያስፈጽም ኢሙሌተር ሠሩ። ይህ መፎካከር እስከ ዛሬ አላቋረጠም።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና የፍጥነት ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. መጋቢት ወር «ሜሊሳ» የተባለው ቫይረስ በወርድ ጽሑፍ ውስጥ ተሸሽጎ ሲመጣ፣ ከተጠቂው የኢሜይል አድራሻ መዝገብ ላይ የመጀመሪያዎቹን 50 ስሞች እየመረጠ ራሱን ይልክ ነበር። በተከታዩ ዓመት በግንቦት 4 ቀን ከፊሊፒንስ የተነሣው «አይ ላቭ ዩ» ደግሞ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ዓለምን በአንድ ቀን አዳረሰ፤ ጽሑፉም ማንም አንብቦ ሊያሻሽለው በሚችል ቋንቋ የተጻፈ ስለ ነበር፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌሎች ሰዎች እየለወጡ ልዩ ልዩ ዝርያ አወጡለት። በዚያን ጊዜ በፊሊፒንስ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚቀጣ ሕግ ስላልነበረ የተጠረጠረው ወጣት ሳይቀጣ ቀረ፤ ሕጉ የወጣው ከጥፋቱ በኋላ በሰኔ ነው። ለባለሙያዎቹ ግን ትልቁ ተግሣጽ ስለ ጊዜ ነበር፤ ናሙናው ተይዞ፣ ተነቦ፣ ፊርማው ተመርጦ ለደንበኛ እስኪደርስ ድረስ ቫይረሱ ሥራውን ፈጽሞ ያድራል። ስለዚህ «አካሉን ሳይሆን ግብሩን እናስታውስ» የሚለው ሦስተኛው መልስ ተከተለ፤ ማለትም ከዚህ በፊት ታይቶ የማያውቅ ፕሮግራም እንኳ ቢሆን፣ የአድራሻ መዝገብ ከፍቶ ለሁሉም ራሱን ሲልክ፣ ወይም የሌሎችን ፋይሎች አከታትሎ ሲለውጥ ቢገኝ፣ ስሙ ሳይጠየቅ እንዲያዝ ተደረገ።

ይህም መልስ ወሰን ነበረው። በ2003 ዓ.ም. ጥር 25 ቀን የተነሣው «ስላመር» 376 ባይት ብቻ የነበረ፣ በዲስክ ላይ አንዳች ፋይል ሳይጽፍ በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ብቻ የሚኖር ትል፣ ማለትም ያለ ሰው እጅ በራሱ በኔትወርክ የሚሠራጭ ፕሮግራም፣ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በየ8.5 ሴኮንዱ በእጥፍ እየበዛ፣ ሊያጠቃቸው ይችል ከነበሩት ኮምፒዩተሮች ከመቶ 90 የሚሆኑትን በ10 ደቂቃ ውስጥ ያዘ። ፋይል የሚመረምር ጠባቂ፣ ፋይል የሌለውን ጠላት በምን ያየዋል? የስላመርን መግቢያ የሚዘጋው ማሻሻያ ግን ማይክሮሶፍት ካወጣው ስድስት ወር አልፎት ነበር። ከዚህ የተነሣ፣ መግቢያውን አስቀድሞ መዝጋት ጠላቱን ከማወቅ እንደሚቀድም፣ ፀረ ቫይረስም የኔትወርኩን በርና የፕሮግራሙን ጉድለት ጭምር መጠበቅ እንዳለበት በሙያው ውስጥ የተረጋገጠ ነገር ሆነ።

አሁን ደግሞ ከብልሃቱ ወደ ሰዎቹ እንመለስ፤ ተሞክሮ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ኩባንያ ልብ ውስጥ ብቻ ታትሞ ከቀረ ለሌላው ጥበቃ አይሆንምና። በ1988 ዓ.ም. ኅዳር 2 ቀን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ትል በዚያን ጊዜ የነበረውን ትንሽ ኢንተርኔት ባንገላታ ጊዜ፣ በየዩኒቨርሲቲው የተበተኑት ባለሙያዎች መድኃኒቱን ለየብቻቸው ሲፈልጉ አደሩ፤ ያገኙትንም እንዳይላላኩ መልእክት ማመላለሻው ያው የተመታው ኔትወርክ ነበር። ከዚህ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ «ሰርት» የተባለውን የድንገተኛ አደጋ ማስተባበሪያ አቋቋመ። በ1990 ዓ.ም. የፀረ ቫይረስ ሊቃውንት ራሳቸው «ካሮ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ በገበያ የሚፎካከሩ ሰዎች ናሙና በመለዋወጥ ረገድ ግን ወንድማማች ሆኑ፤ አንዱ ቫይረስ በየኩባንያው በሌላ ስም እየተጠራ የሚያመጣውን ግርታ ለማቃለልም የስም አወጣጥ ሥርዓት ደነገጉ። ሥራቸውን ያለ አደጋ ለመፈተን ሲሉም፣ 68 ባይት ብቻ ያለውን፣ ማንንም የማይጎዳውን የ«አይካር» መፈተኛ ፋይል ሁሉም እንደ ቫይረስ እንዲይዙት ተስማሙ።

የዚህ ኅብረት ዋጋ በግልጽ የታየው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ «ኮንፊከር» የተባለው ትል በመጣ ጊዜ ነው። ኮንፊከር ከጌቶቹ ትእዛዝ የሚቀበልባቸውን አድራሻዎች ከዕለቱ ቀን ተነሥቶ በስሌት ያወጣ ነበር፤ በየቀኑም 250 ስሞች ይፈጥራል፤ ጌቶቹ ከነዚህ አንዱን ብቻ ቢያስመዘግቡ ይበቃቸዋል። ባለሙያዎቹ ግን ስሌቱን ፈትተው የሚመጡትን ቀናት ስሞች ቀድመው ማውጣትና ማስመዝገብ ያዙ፤ ማይክሮሶፍት፣ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካንና የፀረ ቫይረስ ኩባንያዎች በ2009 ዓ.ም. የካቲት ወር በአንድ ማኅበር ተሰበሰቡ። ትሉም ወዲያው ታድሶ፣ ከሚያዝያ 1 ቀን ጀምሮ በየቀኑ 50,000 ስሞች ሊያወጣ ተነሣ፤ ይህን ሁሉ ስም አንድ ኩባንያ ብቻውን ሊዘጋ ከቶ አይቻለውም ነበር፤ ነገር ግን ማኅበሩ አስቀድሞ ተመሥርቶ ስለ ነበር የብዙ አገሮችን የስም መዝጋቢዎች ለትብብር መጥራት ቻለ።

ይሁን እንጂ ከብዙ ናሙና መማር የለመደ ዓይን ጥቂቱን አያይም። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ወር በቤላሩስ በሚንስክ የሚገኝ «ቫይረስብሎክአዳ» የተባለ ትንሽ ኩባንያ፣ በኢራን ያለ ደንበኛው ኮምፒዩተር ያለ ምክንያት እየጠፋ ይነሣል ብሎ ባመለከተው መሠረት ሲመረምር «ስታክስኔት»ን አገኘ፤ ይህም ትል ከሁለት የታይዋን ኩባንያዎች በተሰረቀ ዲጂታል ማኅተም የታተመ ስለ ነበር እንደ ታማኝ ፕሮግራም ያልፍ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ «ፍሌም» የተባለው የስለላ ፕሮግራም ሲገለጥ ደግሞ፣ የፊንላንዱ የኤፍ ሴክዩር ኩባንያ ሊቅ የነበረው ሚኮ ሂፖነን፣ በገዛ ማከማቻቸው መዝገቡን ቢያገላብጡ ከ2010 እና ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የገቡ የፍሌም ናሙናዎች እንዳገኙ፣ ማንም ግን ትኩረት እንዳልሰጣቸው በይፋ ጻፈ፤ ይህንንም ለሙያው ሁሉ እንደ ሽንፈት ቈጠረው። ናሙናው በእጃቸው ነበር፤ የጐደለው መርማሪ ዓይን ነበር።

ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚላክ የስለላ ፕሮግራም ጉዳይ የኛንም ወገኖች የነካ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ሐተታ፣ በቤልጅግና በአሜሪካ ይሠሩ ለነበሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች፣ ሃኪንግ ቲም የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ ይሸጠው የነበረው የስለላ ፕሮግራም ተራ ሰነድ መስሎ እንደ ተላከ አስረድቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በውጭ አገር የሚኖሩ ሌሎች የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች በሌላ ኩባንያ መሣሪያ መጠቃታቸውን ገልጧል። ለሚሊዮን ሰዎች የሚላክ ቫይረስ በብዛቱ ራሱን ያጋልጣል፤ ለአምስት ወይም ለዐሥር ሰዎች ብቻ የተላከው ግን ወደ መርማሪ እጅ የሚደርሰው ከተላከላቸው አንዱ ተጠራጥሮ ሳይከፍት ወይም ሳይደመስስ አሳልፎ ሲሰጥ ነው። እንግዲህ የባለሙያው ልምድ በተራው ሰው ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተበት ስፍራ አለ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚመረው ትምህርት ግን ጠባቂው ራሱ አጥፊ በሆነበት ቀን የተገኘው ነው። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ 21 ቀን ማካፊ የተባለው ኩባንያ የላከው መዝገብ፣ የዊንዶውስ ኤክስፒ የገዛ አካል የሆነውን አንድ ዋና ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ስለ ፈረደበት፣ በብዙ መሥሪያ ቤትና ሆስፒታል ያሉ ኮምፒዩተሮች እየወደቁ መነሣት አቃታቸው። ዐሥራ አራት ዓመት ቈይቶ፣ በ2024 ዓ.ም. ሐምሌ 19 ቀን ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ ያሠራጨው ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን የሚያህሉ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ጣለ፤ አየር መንገዶች በረራ አቋረጡ፣ የሆስፒታሎችም ሥራ ተስተጓጐለ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ፕሮግራሙ 20 ግብአት ብቻ ሲጠብቅ አዲሱ የመመሪያ ፋይል 21ኛውን እንዲያነብ አስገደደው፤ ከዚያ በፊት የወጡት መመሪያዎች 21ኛውን ሳይነኩ ያልፉ ስለ ነበር ጉድለቱ ተሰውሮ ቈይቷል። ኩባንያው ማሻሻያውን በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ቢሰበስበውም፣ የወደቁት ኮምፒዩተሮች ማሻሻያ ለመቀበል እንኳ ስለማይነሡ አብዛኞቹን ሰው እየሄደ አንድ በአንድ ማንሣት ነበረበት።

እነዚህ ሁለት ቀናት የሚያሳዩት፣ ከጠላት የተማሩት ፍጥነት ራሱ አደጋ መሆኑን ነው፤ ሜሊሳና ስላመር «ፍጠኑ» ብለው አስተምረው ነበርና፣ መዝገቡ ከወር ወደ ቀን፣ ከቀን ወደ ሰዓት ወርዶ፣ ፈተናው እየጠበበ ሄደ። ክራውድስትራይክ ከውድቀቱ በኋላ ጥፋቱን በዝርዝር ጽፎ አሳተመ፤ ማሻሻያውም መጀመሪያ ለጥቂቶች፣ ከዚያም ደኅንነቱ ታይቶ ለብዙዎች ደረጃ በደረጃ እንዲወጣ፣ ደንበኛውም መቼ እንደሚቀበል ራሱ እንዲወስን ሥርዓት አደረገ። እንግዲህ ሁለቱ ትምህርቶች፣ መፍጠንና መታገሥ፣ በአንድ አሠራር ውስጥ ተስማምተው መኖር አለባቸው፤ ይህም ለአንድ ጊዜ ተወስኖ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

በዛሬው ዘመን፣ በጀርመን በማግደቡርግ የሚገኘው ኤቪ ቴስት የተባለው ተቋም በየቀኑ ከ450,000 በላይ አዳዲስ አጥፊና የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን እንደሚመዘግብ ስለሚያስታውቅ፣ ይህን ሁሉ በሰው ዓይን ማንበብ አይታሰብም፤ ስለዚህ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ክፉና ደግ ፋይሎችን አንብቦ ልዩነታቸውን በራሱ የሚማር መሣሪያ ተሠራ። ይህ አራተኛው መልስ «መምሰሉን እናስታውስ» የሚል ነው። ነገር ግን በ2019 ዓ.ም. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሳይላንስ የተባለውን እንዲህ ያለ ፀረ ቫይረስ ሲፈትኑ፣ ከአንድ የታወቀ የቪዲዮ ጨዋታ የተቀዱ ቃላትን በአጥፊው ፕሮግራም መጨረሻ ላይ ቢለጥፉ መሣሪያው ብዙዎቹን ንጹሕ ናቸው ብሎ እንደሚያሳልፍ አሳዩ። መሣሪያው ያን ጨዋታ እንደ ደግ ነገር አጥብቆ ስለ ተማረው፣ የደጉን ቃል የተዋሰውን ክፉ ከደጉ ጋራ ቈጠረው። መሣሪያም ቢማር፣ ምን ማስታወስ እንዳለበት የመምረጡ ፈተና ከሰው አልወረደም።

እነዚህ አራት መልሶች አንዱ ሌላውን አልሻሩም፤ በአንድ ፀረ ቫይረስ ውስጥ ፊርማው፣ ኢሙሌተሩ፣ ግብር ተከታታዩና ተማሪው መሣሪያ ዛሬም ጐን ለጐን ይሠራሉ፤ አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ይይዘዋል ተብሎ ተስፋ ይደረጋልና። የኮኸን ማስረጃ ፍጹሙን ጠባቂ ከከለከለን፣ የሚቀረን በሚገባ የሚሸነፍ ጠባቂ መምረጥ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ወይም መሥሪያ ቤቱን ሊያስጠብቅ የሚሻ ሰው፣ ይህ ፀረ ቫይረስ ስንት ሚሊዮን ቫይረስ ያውቃል ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ በመጨረሻ የተሸነፈው መቼ እንደ ሆነ፣ ሽንፈቱን በጽሑፍ ገልጦት እንደ ሆነ፣ ከዚያም በኋላ በአሠራሩ ምን እንደ ለወጠ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣ ኩባንያ ወይ ገና አልተዋጋም፣ ወይ ከተዋጋው አልተማረም፤ በሁለቱም መንገድ አደራ ሊቀበል አይገባውም።